አንገት በጭንቀት ድንገት ሲያዝ ምን ይደረጋል?

የምሠራው ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሥራ ሲበዛብኝ፣ ቤት ውስጥ ነገር ሲደራረብብኝ አንገቴን ድንገት ይይዘኛል፤ መዞር ያቅተኛል። ያን ጊዜ እዚያው ባለሁበት ምን ላድርግ?» በሰኔ ጥያቄው ይብሳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የሒሳብና የግዥ ሠራተኞች ማጅራታቸውን በእጃቸው ደግፈው ይመጣሉ። የፈተና ሰሞን ደግሞ ተማሪውም ወላጁም አብረው ይመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው የምነግረውን በቅደም ተከተል እነሆ።

መመሪያው የሚያገለግለው ቀድሞም ለሚያውቅዎት ዓይነት ሕመም ነው፦ በጭንቀት ሰሞን የሚነሣ፣ ከማጅራት እስከ ትከሻ አናት ባለው ሥጋ ላይ የሚሰማ፣ አንገት ሲዞር የሚብስ፣ ደገፍ ብለው ሲያርፉ ቀለል የሚል።

በመጀመሪያ እነዚህን ያጣሩ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ከታች የተጻፈውን አይሞክሩ፤ አይታሹ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

• ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ኖሮ አገጭ ወደ ደረት አልታጠፍ ሲል፤ በተለይ ማስመለስ፣ ብርሃን መሸሽ ወይም መቀባዠር ሲጨመርበት። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ማጅራት ገትር ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ኢትዮጵያ በሽታው በበጋ ወራት በሚበረታበት የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናትና «ጭንቀት ነው» ተብሎ አይታደርም።
• ሕመሙ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ ሲሄድና ደረት ማፈን፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ሲኖር። የልብ ሊሆን ይችላል።
• ሕመሙ የመጣው ከመኪና ግጭት፣ ከሞተር ወይም ከከፍታ መውደቅ በኋላ ከሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው አንገቱን አያንቀሳቅሱ።
• ከዚህ በፊት ቀምሰውት የማያውቁት ከባድ ሕመም በአንድ ወገን ድንገት ሲነሣ፤ በተለይ ከማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ከአፍ መንተባተብ ወይም ከፊት መጣመም ጋር።
• እጅ ሲዝል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት፣ አካሄድ ሲወላገድ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ሲል።
• ሕመሙ ለሳምንታት ቆይቶ ሌሊት የሚያልብዎት፣ ክብደት የሚቀንሱ፣ ወይም ቀደም ሲል ቲቢ ወይም ካንሰር የነበረብዎት ከሆነ። የአከርካሪ ቲቢ ሲጀምር ተራ የአንገት ሕመም ሊመስል ይችላል።

የመጨረሻው በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። የቀሩት ግን ለነገ የሚባሉ አይደሉም፤ አገር ቤት ካሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠሩ፤ ውጭ ያላችሁ የምትኖሩበትን አገር የድንገተኛ ስልክ ደውሉ።

ለምን እንደሚይዝ

አጭር ነው፤ ግን አይዝለሉት፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደረጃዎቹን አያበላሽም።

ስንጨነቅ ሰውነት አደጋ እንደመጣበት ይዘጋጃል። ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ጥርስ ይገጥማል፣ ትንፋሽ ከሆድ ወጥቶ ደረት አናት ላይ ይቀራል። አደጋው ግን ሮጠው የሚያመልጡት አይደለም፤ የኦዲት ደብዳቤ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ የታመመ ልጅ ነው። ስለዚህ ትከሻው እንደወጣ ይውላል። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ክብደት ከሚሸከሙት መካከል ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ትራፔዚየስ፣ ከሥሩ ሆኖ የትከሻን አጥንት ወደ ላይ የሚስበው ሌቫተር ስካፑሌ፣ ከራስ ቅል ግርጌ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ይገኛሉ። ለሰዓታት ሳይላሉ ሲቆዩ ይቆጣሉ። ከዚያ በኋላ ቦርሳ ለማንሣት ወይም «ማነው?» ብሎ ዞር ለማለት የተደረገች ትንሽ እንቅስቃሴ ትበቃለች፤ ጡንቻው ቀጥ ብሎ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ወይም ከቦታው የወጣ ነገር የለም። ጡንቻው አንገትዎን እየጠበቀ ነው። በኃይል ሲጎትቱት አጥብቆ ይይዛል፤ የሚለቀው መጠበቅ እንደማያስፈልግ ሲሰማው ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች በሙሉ መነሻቸው ይህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበርና ባዶ ግድግዳ
• ሁለት ፎጣ
• ጋቢ ወይም ሁለት ትራስ
• የሙቅ ውሃ ላስቲክ፤ ከሌለ ባዶ ሃይላንድ፣ ወይም ንጹሕ ካልሲ ውስጥ የታሰረ ሩዝ
• የቴኒስ ኳስ፤ ከሌለ ልጆች እንደሚሠሩት የካልሲ ኳስ
• ፓራሲታሞል
• ደብተርና እስክሪብቶ

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

1. የያዙትን ያስቀምጡ። ቦርሳ፣ ስልክ፣ ልጅ፣ ጀሪካን፣ ማንኛውም ክብደት ይውረድ። መኪና እየነዱ ከሆነ ጥግ ይዘው ያቁሙ። አንገቱ የማይዞር ሰው ከጎኑ የሚመጣውን ሳያይ ይታጠፋል፤ የአንገትና የትከሻ ሕመም በኋላ ይታከማል፤ አደጋ ግን አይመለስም።

2. ጭንቅላትዎንም ክንድዎንም ያስደግፉ። ወንበሩን ግድግዳ ያስጠጉና ይቀመጡ። አንድ ፎጣ አጥፈው በጭንቅላትዎና በግድግዳው መካከል ያድርጉ። ጋቢውን ወይም ትራሶቹን ጭንዎ ላይ ከምረው ክርኖችዎን በላዩ ያሳርፉ። ብዙ ሰው ጭንቅላቱን ብቻ ይደግፍና ክንዱን ይረሳዋል። ክንድ የተንጠለጠለው እዚያው የታመመው ጡንቻ ላይ ነው፤ ከሥር ሲደገፍ ጡንቻው ከሸክሙ ያርፋል። አንዳንድ ሰው በዚህ ደረጃ ብቻ ሕመሙ ጋብ ይልለታል።

3. ጥርስዎን ያላቅቁ። ከንፈር ይገጠም፣ የላይና የታች ጥርስ ግን አይነካኩ፤ ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ያለውን ላንቃ ትንካ። የመንጋጋና የአንገት ጡንቻዎች አብረው ይሠራሉ፤ ጥርሱን የነከሰ ሰው አንገቱ አይላላም።

4. ትንፋሽዎን ወደ ሆድ ይመልሱ። አንድ እጅ እምብርትዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርዎን አሹለው እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። ለ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቀጥሉ። እጅዎ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍ የሚለው ደረትዎ ከሆነ ገና ነው። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ረገብ ይላል፤ ስለዚህ የሚወጣው ከሚገባው መርዘም አለበት። ሌላም ጥቅም አለው፦ በደረት አናት ስንተነፍስ የአንገት ጎን ጡንቻዎች የጎድን አጥንትን ወደ ላይ ለመሳብ ይታዘዛሉ፤ በሆድ ስንተነፍስ ከዚያ ሥራ ይገላገላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ጣትዎን ከነዘረዎት አየር በብዛት እየሳቡ ነው። መጠኑን ያሳንሱ፤ ፍጥነቱን ይቀንሱ። በጥልቀት መተንፈስ አይጠበቅብዎትም፤ በዝግታ መተንፈስ ይበቃል።

5. ትከሻዎን አውቀው ከፍ ያድርጉ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ሁለቱንም ትከሻ ከሚችሉት ግማሽ ያህል ብቻ ወደ ጆሮ ከፍ ያድርጉ። 5 ሰከንድ ይያዙ፤ ከዚያ ትንፋሽ እያስወጡ ይልቀቁና 10 ሰከንድ ይጠብቁ። 5 ጊዜ ይድገሙ። ካመመዎት ሩብ ያህል ብቻ ያንሡ።

«ትከሻዬን ላላ አድርጌያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አላላም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስመረምር እጄን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ ስለ ሥራዋ ጠየቅኋት። የቀኑ ሒሳብ አልገጥም ያለበትን ማታ መናገር ስትጀምር ትከሻዋ ከእጄ ሥር ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ድምፅዋ አልተለወጠም፣ ፊቷም አልተለወጠም። ስነግራት አላመነችም፤ በመስታወት አሳየኋት። ጡንቻው ለረጅም ጊዜ ሲኮማተር አእምሮ ያንን እንደ መደበኛ ይቆጥረዋል። አውቆ ማንሣትና አውቆ መልቀቅ የተኮማተረውንና የላላውን ልዩነት እንደገና ያስተዋውቃል። ቸኩለው አይለፉት፤ ዋናው ሥራ ያለው በ10 ሰከንዱ ጥበቃ ውስጥ ነው።

6. በጣም ትንሽ ይንቀሳቀሱ። ጭንቅላትዎ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ በመጀመሪያ በዓይንዎ ብቻ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ ከዚያ ጭንቅላትዎ ዓይንዎን ይከተል፤ አውራ ጣት የሚያህል ርቀት ይበቃል። ወደ ግራም እንዲሁ። ቀጥሎ «አዎ» እንደሚል ሰው አገጭዎን በትንሹ ዝቅ ከፍ ያድርጉ። እያንዳንዱን 5 ጊዜ። ዓይን የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከራስ ቅል ግርጌ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ ዓይን ሲሄድ ያለ ጉልበት ይነቃሉ።

የሕመም መለኪያዎ ይህ ይሁን፦ ምንም ሕመም አለመኖርን 0፣ የማይቻለውን 10 ይበሉት። እስከ 3 ድረስ ይቀጥሉ። ከ3 ካለፈ ርቀቱን በግማሽ ይቀንሱ። 5 ከደረሰ ያቁሙና ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። ይህን ደረጃ በነቁበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ጡንቻው «መንቀሳቀስ አያስፈራም» የሚለውን የሚማረው በመደጋገም ነው።

ሙቀት

7. ለ15 እስከ 20 ደቂቃ ያሙቁት። ሙቀት የደም ዝውውርን ይጨምራል፣ ጡንቻውንም ያላላል። የሙቅ ውሃ ላስቲኩን በፎጣ ጠቅልለው ማጅራትና ትከሻ መካከል ያድርጉት። ሃይላንድ ከሆነ ያለዎት የፈላ ውሃ በቀጥታ አይጨምሩበት፤ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ያፈስብዎታል። የፈላውን ከቀዝቃዛ ጋር አቀላቅለው፣ በእጅዎ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ሞክረው፣ ክዳኑን አጥብቀው ይጠቀሙ። ካልሲ ውስጥ ያለ ሩዝ በማይክሮዌቭ 1 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ማይክሮዌቭ ከሌለ ሩዙን በመጥበሻ ሞቅ አድርገው ካልሲው ውስጥ ይጨምሩት፤ ሁልጊዜ ግን ቆዳ ላይ ከማድረግዎ በፊት በእጅዎ ይሞክሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙቀቱን ይዘው እንቅልፍ አይውሰድዎት። የሚያቃጥል ቅባት ከተቀቡ በላዩ ሙቀት አያድርጉ፤ ቆዳ ይቃጠላል። በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት የቆዳ ስሜትዎ የቀነሰ ከሆነ ሙቀቱን ሌላ ሰው ይሞክርልዎት።

ብርድ የሚስማማዎት ሰው ከሆኑ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ መጠቀም ይችላሉ። ከሁለቱ የሚያሳርፍዎትን ይምረጡ።

መድኃኒት

8. ሕመሙ እንቅስቃሴ ከከለከለዎት ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም 1 ወይም 2 ፍሬ፤ በሁለት አወሳሰድ መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጉበት ሕመም ያለበት፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ፋርማሲስት ጠይቆ ያሳንስ። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለባቸውና ደርበው እንዳይወስዱ ጽሑፉን ያንብቡ። ሕመም ማስታገሻው የሚጠቅመው በምቾት እንዲንቀሳቀሱ ነው፤ ውጠው ወደ ኮምፒውተር መመለስ ሕመሙን ወደ ማታ ማሸጋገር ነው።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ላለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ፣ አስም ላለበትና ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ምክር አይሆኑም። ሁለቱንም አንድ ላይ መውሰድ ለማንም አይሆንም። በጾም ሰሞን በባዶ ሆድ የሚውጧቸው ሰዎች ጨጓራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እህል ከቀመሱ በኋላ ብቻ ይውሰዷቸው። ትራማዶልና ዲያዜፓም ሱስ ያስይዛሉ፤ ከጎረቤት ተቀብለው አይዋጡም። የቫይታሚን ቢ መርፌም የተኮማተረ ጡንቻን አያላላም።

የቀረው የቀኑ ክፍል

9. ተኝተው አይዋሉ። በየ30 ደቂቃው ተነሥተው ይራመዱ፤ ከቻሉ አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ክንድዎን እያወዛወዙ ይሂዱ። በእርምጃ ጊዜ ትከሻ ራሱ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ተኝቶ የዋለ አንገት ደግሞ ማታ ይበልጥ ይደርቃል።

10. አንገትዎን የሚያጎብጡትን ለሁለት ቀን ያስወግዱ። ስልክዎን ወደ ዓይንዎ ከፍ ያድርጉ እንጂ ወደ ስልኩ አይጎንበሱ። በትከሻና በጆሮ መካከል ይዘው አያውሩ። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይቅር። ልጅ ማዘል የግድ ከሆነ ሌላ ሰው ይዘልልዎት ዘንድ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ተቀምጠው በሁለት እጅ ደረትዎ ላይ ይያዙት። ሚኒባስ የሚሳፈሩ ከሆነ የኋላ ወንበር ላይ አይቀመጡ፤ መንገጫገጩ እዚያ ይብሳል። ጋቢና ወይም መሐል ይሻላል።

11. ያስጨነቀዎትን ነገር በወረቀት ላይ ያውርዱት። ደብተሩ ለዚህ ነው። 5 ደቂቃ ወስደው ጭንቅላትዎ ውስጥ የሚዞረውን ሁሉ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ዛሬ ሊደረግ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ይጻፉ፦ መደወል፣ ቀን ማስለወጥ፣ «አልችልም» ማለት። ዛሬ ምንም ሊደረግለት የማይችለውን በሰረዝ ይለዩት። ይህን የሚዘልሉ ሰዎች አሉ፤ «አንገቴን አሞኝ ደብተር ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። አንገቱን የያዘው የሚዞረው ሐሳብ ከሆነ ሙቀቱ ለ20 ደቂቃ ያላላዋል፣ ሐሳቡ በ21ኛው ደቂቃ ይመልሰዋል። ለሚያምኑት ሰው መንገርም ያው ሥራ ይሠራል።

12. ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና ይተው። ቡና ከተፈላ ከአቦሉ አንድ ስኒ ጠጥተው ቶናና በረካውን ለሌላው ይተዉ። ካፌይን ለብዙ ሰዓታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ በነጋታው ሕመሙ ይጠናበታል።

ሌሊት

13. በጀርባ ወይም በጎን ይተኙ። በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ ጠምዝዞ ያቆየዋል። በጎን ሲተኙ ትራሱ በጆሮና በትከሻ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት አለበት፤ ዝቅ ካለ አንድ ፎጣ አጥፈው ይጨምሩበት። በጀርባ ከሆነ ትንሿን ፎጣ እንደ በትር ጠቅልለው በትራስ ጨርቁ ውስጥ፣ ከአንገት ጉድጓድ ሥር ያድርጓት።

አነሣሥዎ ከአተኛኘትዎ ይበልጣል። ብዙ ሰው ጠዋት የሚጮኸው ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ከትራስ ሊያነሣ ሲሞክር ነው። መላ ሰውነትዎን ወደ ጎን ያዙሩ፤ እግርዎን ከአልጋ ያውርዱ፤ ከታች ያለውን ክርን ተመርኩዘው፣ በሌላው እጅ ጭንቅላትዎን ደግፈው ይነሡ። አልጋ ላይ ሲገላበጡም እንዲሁ እጅ ጭንቅላትን ይደግፍ።

ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን

ወደ እነዚህ የሚያልፉት አንገትዎ በሁለቱም በኩል ከወትሮው ግማሽ ያህል መዞር ሲችል ነው። ገና ከሆነ ከደረጃ 2 እስከ 7 ያለውን ይድገሙ።

14. ወደ ብብት መመልከት። ወንበር ላይ ተቀምጠው በታመመው ወገን ያለው እጅ የወንበሩን ጠርዝ ይያዝ። አፍንጫዎን ወደ ሌላኛው ብብት ያዙሩና ቁልቁል ይመልከቱ። ማጅራት ላይ ሳብ የሚል ስሜት ሲጀምር እዚያው ለ20 ሰከንድ ይቆዩ። በሁለቱም ወገን 3 ጊዜ። ጭንቅላትዎን በእጅ አይጎትቱ፤ የጭንቅላቱ ክብደት ይበቃል። ይህ የሚዘረጋው የትከሻን አጥንት ወደ ላይ የሚስበውን ጡንቻ ነው።

15. አገጭ ወደ ኋላ። ግድግዳ ተደግፈው ቆመው፣ ቁልቁል ሳያዩ አገጭዎን ቀጥታ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ የራስ ቅልዎ ግርጌ ወደ ላይ ሲረዝም ይሰማዎታል። 5 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ። ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት የተሰገገን ጭንቅላት ወደ ትከሻው ይመልሳል።

16. ኳስ በግድግዳ። ኳሱን በጀርባ አጥንትና በትከሻ አጥንት መካከል ባለው ሥጋና በግድግዳው መካከል ያድርጉ፤ ያመመውን ነጥብ ሲያገኙ ለ30 ሰከንድ ተደግፈውት ይተንፍሱ። ኳሱ የጀርባ አጥንት ላይ ወይም የአንገት ፊትና ጎን ላይ በፍጹም አይደረግ፤ እዚያ ትላልቅ የደም ሥሮች አሉ።

እስክስታ የሚችል ሰው ደግሞ ከማንም የተሻለ መልመጃ በእጁ አለ። ትከሻን ብቻ ለይቶ ማንቀሳቀስ ብዙ ታካሚ ሳምንታት የሚፈጅበት ነገር ነው። ዝግ ያለ ዜማ ከፍተው ለ2 ደቂቃ ትከሻዎን ፊትና ኋላ ያንቀሳቅሱ፤ ለጊዜው አንገት የሚወረውረው ዓይነት ይቆይ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

አንገትን ማስጮህ። ፀጉር ቤት፣ ጓደኛ ወይም ወጌሻ «ጅማቱ ዞሯል» ብሎ በድንገት እንዲጠመዝዝዎት አይፍቀዱ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ በድንገተኛ ጥምዘዛ የሥሩ ግድግዳ ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። በተለይ ጡንቻው በደረቀበት ቀን። በዚህ ላይ አላቅማማም፦ እምቢ ይበሉ።

በመጀመሪያው ቀን በኃይል መታሸት። በመዳፍ ለስለስ ያለ ማሻሸት ጥሩ ነው፤ በአውራ ጣት መጨፍለቅ ግን የተቆጣውን ያስቆጣዋል።

በየደቂቃው መፈተን። «ለቆኝ ይሆን?» እያሉ እስከሚያም ድረስ ደጋግሞ መዞር። መልመጃው በየሰዓቱ ነው፤ በመካከሉ ይተዉት።

«ብርድ ነው የመታኝ» ብሎ ጋቢ ውስጥ መኮራመት። ሙቀቱ ጥሩ ነው፤ ሲኮራመቱ ግን ትከሻ እንደገና ወደ ጆሮ ይወጣል። ጋቢውን ይልበሱ፣ ትከሻዎን ግን ያውርዱ።

የአንገት መደገፊያ ኮሌታ ገዝቶ ለቀናት ማድረግ። ጡንቻው ያለ ሥራ ሲቀመጥ ይደክማል፣ ማገገምም ይዘገያል።

ስግደትን እንደወትሮው መቀጠል። በሕማማት ሰሞን አንገቱን ይዞት እስከ ሠርክ የሚሰግድ ሰው አጋጥሞኛል። ንስሐ አባትዎን አማክረው ያሳንሱ። ሶላት የሚሰግዱም እንደ አቅማቸው ተቀምጠው መስገድ ይችላሉ፤ በማሰላመቻው ላይ አንገት እስከቻለው ብቻ ይዙር።

ወዲያው ኤምአርአይ (የሰውነት ውስጥ ምስል) ለመነሣት መሮጥ። ከላይ የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች ከሌሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ምንም የማያማቸው ሰዎች ምስሉን ሲነሡም የዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር፣ መውጣት ይታያል። «ዲስክ አለብህ» የተባለ ሰው አንገቱን ማንቀሳቀስ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ራሱ ጡንቻውን ያደርቀዋል።

ሲያልፍ የሚደረግ

ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ቀን ይቀልላል፣ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ያኔ ደብተሩን አይጣሉት። በያዘዎት ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ሥራዎን፣ እንቅልፍዎንና የተጣሉት ሰው ካለ እሱንም ይጻፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አካሄዱ ይገለጣል፦ የአንዱ የወር መጨረሻ ነው፣ የአንዷ አማቷ ሊመጡ ሲሉ ነው፣ የሌላው ረጅም መንገድ ከነዳ በኋላ ነው። ሰዓቱን ሲያውቁ ቀድመው ይጠብቁታል። ደረጃ 3፣ 4 እና 5ን በቀን 3 ጊዜ ከሚያውቁት ነገር ጋር ያያይዙ፤ ኮምፒውተር ሲከፍቱ፣ ከምሳ በፊት፣ ታክሲ ሲጠብቁ። በሰኔ የሚይዛቸው የሒሳብ ሰዎች ይህን በግንቦት እንዲጀምሩ እነግራቸዋለሁ።

ጭንቀቱ ራሱ አብዛኛውን ቀን ለሳምንታት ካልለቀቀዎት፣ እንቅልፍ ከነሣዎት ወይም ተስፋ ካስቆረጠዎት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ያንኑ ቀን።

ከሁለት ሳምንት በኋላም አንገትዎ ካልተሻለው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወርዶ ጣት ካደነዘዘ ወይም በየወሩ እየተመላለሰ ሥራ ካስፈታዎት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ። ሲሄዱ ደብተሩን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የሚተኙበትን ትራስና የሥራ ቦታዎን ከጎን ያነሣ አንድ ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ትራስ ይዞ ለመምጣት የሚያፍሩ አሉ፤ አይፈሩ፣ ይዘው ይምጡ፤ ቁመቱን ከትከሻዎ ጋር ለክተን እናስተካክለዋለን።